የከባድ ተሽከርካሪዎች ኤሌክትሮኒክ ፍሬን፦ ከመግጠም ይልቅ መጠገን የሚፈትነው ቴክኖሎጂ

ሙሉ ጭነት የጫነ ከባድ ተሽከርካሪ በእርጥብ አስፋልት ላይ ሲጓዝ አሽከርካሪው በድንገት ፍሬን ቢይዝ የሚከተለው ሁኔታ በእግሩ ጥንቃቄ ብቻ የሚወሰንበት ዘመን እያለፈ ነው። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ለገበያ የሚቀርቡ አዳዲስ ከባድ የጭነት ተሽከርካሪዎች የጎማን ፍጥነት፣ የመሪን አቅጣጫ፣ የጭነትን ክብደትና የተሽከርካሪውን እንቅስቃሴ በየቅጽበቱ የሚለኩ ሴንሰሮች ተገጥመውላቸው ከፋብሪካ ይወጣሉ።

ሴንሰሮቹ የሚሰበስቡትን መረጃ የኤሌክትሮኒክስ መቆጣጠሪያ ክፍሉ ተቀብሎ ይመረምራል። አስፈላጊ ሆኖ ሲያገኘውም የአሽከርካሪውን ትእዛዝ ሳይጠብቅ ፍሬን ይለቃል፣ ፍሬን ይይዛል፣ የሞተሩንም ጉልበት ይቀንሳል።

ይሁን እንጂ መሣሪያው መገጠሙ ብቻውን የመንገድ ደኅንነትን እንደማያረጋግጥ ያለፈው ግማሽ ምዕተ ዓመት ተሞክሮ ያሳያል። የቴክኖሎጂው ጥቅም የሚለካው ተሽከርካሪው ለዓመታት አቧራ፣ ጭቃና ንዝረት ካስተናገደ በኋላ ሴንሰሮቹ በሚሰጡት መረጃ ትክክለኛነት ነው።

ጉዳዩ ተሽከርካሪዎቹን ለሚያመርቱ አገሮች ብቻ የሚተው አይደለም። ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነውን የወጪና ገቢ ንግዷን በጅቡቲ ወደብ በኩል የምታከናውነውንና ለዚሁ አገልግሎት የሚውሉ ከባድ ተሽከርካሪዎችን ከአውሮፓና ከእስያ የምታስመጣውን ኢትዮጵያንም በቀጥታ ይመለከታል።

የጎማ መቆለፍና መዘዙ

በከባድ ተሽከርካሪዎች ላይ የሚሠራው የአየር ፍሬን አሽከርካሪው ፔዳሉን በረገጠ ጊዜ የታመቀ አየር ወደየጎማው በመላክ የፍሬን ሸራው ታምቡሩን እንዲይዝ ያደርጋል። ግፊቱ ጎማውና መንገዱ ሊሸከሙት ከሚችሉት በላይ ሲሆን ጎማው መሽከርከሩን አቁሞ መንሸራተት ይጀምራል፤ ይህም የጎማ መቆለፍ ይባላል።

የተቆለፈ ጎማ አቅጣጫ የመጠበቅ ኃይሉን ያጣል። የፊት ጎማዎች ከተቆለፉ ተሽከርካሪው ለመሪ አይታዘዝም። የጎታቹ የኋላ ጎማዎች ከተቆለፉ ደግሞ ተሳቢው ከኋላ እየገፋው ጎታቹ በመገጣጠሚያው ላይ ተጣጥፎ መንገዱን ይዘጋል። የተሳቢው ጎማዎች በተቆለፉ ጊዜም ተሳቢው ወደ ጎን ወጥቶ በተቃራኒ አቅጣጫ የሚመጣን ተሽከርካሪ ሊመታ ይችላል።

ጭነቱን አራግፎ ባዶውን የሚመለስ ተሽከርካሪ ለዚህ ችግር ይበልጥ የተጋለጠ ነው። ፍሬኑ ሙሉ ጭነትን እንዲያቆም ተደርጎ የተሠራ በመሆኑ ክብደት የቀለለው ጎማ በቀላሉ ይቆለፋል።

ለዚህ ችግር የተገኘው መፍትሔ በምሕጻሩ ኤቢኤስ በመባል የሚታወቀው የጎማ መቆለፍን የሚከላከል ሥርዓት ነው። የሥርዓቱ ዋነኛ የመረጃ ምንጭ በጎማው አጠገብ የሚተከለው የፍጥነት ሴንሰር ነው።

ሴንሰሩ በውስጡ ማግኔትና የተጠመጠመ ሽቦ ይዟል። ከጎማው ጋር አብሮ የሚዞረው ባለጥርስ ቀለበት በፊቱ ሲያልፍ እያንዳንዱ ጥርስ በሽቦው ላይ አነስተኛ የኤሌክትሪክ ምት ይፈጥራል። በከባድ ተሽከርካሪዎች ላይ የተለመደው ቀለበት 100 ጥርስ አለው። የጎማው ዙሪያ 3.2 ሜትር ቢሆንና ተሽከርካሪው በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ ሴንሰሩ በሰከንድ ወደ 700 የሚጠጋ ምት ለመቆጣጠሪያ ክፍሉ ይልካል።

የአንዱ ጎማ ምት ከሌሎቹ ተለይቶ በድንገት ሲዘገይ መቆጣጠሪያው ያ ጎማ ሊቆለፍ መቃረቡን ይረዳል። ወደዚያ ጎማ የሚሄደውንም አየር በቫልቭ አማካይነት ለቅጽበት ያስተነፍሳል፤ ጎማው ፍጥነቱን መልሶ ሲያገኝ ደግሞ ፍሬኑን እንደገና ያስይዛል። በዚህ ሁኔታ ጎማው መሽከርከሩን ሳያቋርጥ ተሽከርካሪው ይቆማል፤ አሽከርካሪውም መሪውን የመቆጣጠር ዕድል ያገኛል።

ሕጉ ከቴክኖሎጂው ሲቀድም

ቴክኖሎጂው ዛሬ ካለበት ደረጃ የደረሰው ያለ ውጣ ውረድ አልነበረም። የዩናይትድ ስቴትስ መንግሥት የአየር ፍሬን ያላቸው የጭነት ተሽከርካሪዎች ጎማቸው ሳይቆለፍ በተወሰነ ርቀት ውስጥ እንዲቆሙ የሚያስገድደውን 121ኛውን የተሽከርካሪ ደኅንነት ደረጃ እ.ኤ.አ. በ1975 ሥራ ላይ አዋለ። አምራቾችም ግዴታቸውን ለመወጣት በወቅቱ ገና ያልበሰሉ የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያዎችን መግጠም ጀመሩ።

ውጤቱ ግን እንደታሰበው አልሆነም። መሣሪያዎቹ በአገልግሎት ላይ እያሉ ተደጋጋሚ ብልሽት በማሳየታቸው ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት አመራ። የዘጠነኛው ወረዳ የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የጭነት ተሽከርካሪ አምራቹ ፓካር ባቀረበው አቤቱታ ላይ እ.ኤ.አ. በ1978 በሰጠው ውሳኔ የመሣሪያዎቹ አስተማማኝነት በሚገባ ሳይረጋገጥ ግዴታው መጣሉን ተችቶ የጎማ መቆለፍንና የማቆሚያ ርቀትን የሚመለከቱትን የደረጃውን ክፍሎች ውድቅ አደረገ።

በአውሮፓ በአንጻሩ ሥራው የተጀመረው በአምራቾች ፈቃድ ነበር። የጀርመኑ መርሴዲስ ቤንዝና የፍሬን መሣሪያዎች አምራቹ ዋብኮ በጋራ ያዘጋጁት ለንግድ ተሽከርካሪዎች የሚያገለግል ኤቢኤስ እ.ኤ.አ. በ1981 ለገበያ ቀረበ። አሥር ዓመት በአገልግሎት ላይ ከተፈተነ በኋላም እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ በአውሮፓ ማኅበረሰብ አገሮች በአዳዲስ ከባድ የጭነት ተሽከርካሪዎች ላይ ግዴታ ሆነ።

የአሜሪካ ብሔራዊ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደኅንነት አስተዳደርም ለሁለተኛ ጊዜ ሕግ ከማውጣቱ በፊት መሣሪያው የተገጠመላቸውን 200 ጎታቾች በመደበኛ የጭነት አገልግሎት ላይ እያሉ የብልሽትና የጥገና ታሪካቸውን ተከታትሏል። ከዚህ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው ደንብ ኤቢኤስ ከመጋቢት 1997 ጀምሮ በአዳዲስ ጎታቾች፣ ከመጋቢት 1998 ጀምሮ ደግሞ በአዳዲስ ተሳቢዎች ላይ እንዲገጠም አስገድዷል።

አዲሱ ደንብ ከቀድሞው የሚለይበት አንድ ዐቢይ ነጥብ አለው። ሥርዓቱ የራሱን ጤንነት መርምሮ ብልሽት ሲያገኝ ለአሽከርካሪው በቢጫ መብራት እንዲያስታውቅ ያዛል። የተሳቢው ብልሽት ከውጭ እንዲታይም በተሳቢው የግራ ጎን ወደ ኋላ ባለው ክፍል ላይ ሌላ መብራት እንዲኖር ተደርጓል። ይህም መሣሪያው ሊበላሽ እንደሚችል ደንቡ አስቀድሞ መቀበሉን ያመለክታል።

ያው አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣው ጥናት በጎታቾች ላይ የተገጠመው ኤቢኤስ ለፖሊስ ከሚመዘገቡ የጎታች ተሽከርካሪ አደጋዎች መካከል በአጠቃላይ 3 በመቶ ያህሉን እንደቀነሰ ገምቷል። አኃዙ አነስተኛ ቢመስልም ጎታችና ተሳቢ ተጣጥፈው በሚያደርሱትና ከመንገድ ወጥቶ በመገልበጥ በሚደርሰው አደጋ ላይ የታየው ቅናሽ ከፍተኛ ነው። በአንጻሩ ከፊት ያለን ተሽከርካሪ ከኋላ በመግጨት የሚደርሱ አደጋዎች ተመሳሳይ ቅናሽ አላሳዩም።

ከጎማው አልፎ መላውን ተሽከርካሪ መቆጣጠር

ኤቢኤስ የሚያውቀው የጎማዎችን ፍጥነት ብቻ ነው። ተሽከርካሪው ወደ ጎን እያዘነበለ ይሁን ወይም መሪው ከታዘዘበት አቅጣጫ ውጪ እየዞረ ይሁን አይለይም። ይህን ክፍተት ለመሙላት የመጣው የኤሌክትሮኒክ መረጋጋት መቆጣጠሪያ ሥርዓት ተጨማሪ ሴንሰሮችን ይጠይቃል።

ከእነዚህም አንዱ አሽከርካሪው ወዴት መሄድ እንደፈለገ የሚናገረው የመሪ ማዕዘን ሴንሰር ነው። በተሽከርካሪው ሻንሲ ላይ የሚታሰረው ሌላው ሴንሰር ተሽከርካሪው በእርግጥ በምን ያህል ፍጥነት እየዞረና ምን ያህል ኃይል ወደ ጎን እየገፋው እንደሆነ ይለካል። የፍሬን አየር ግፊት የሚለኩ ሴንሰሮችም አሽከርካሪው ምን ያህል ፍሬን እንደያዘ ያሳውቃሉ። የጭነቱ መጠን በበኩሉ በአየር ከረጢት ላይ በተቀመጡ አክስሎች ከከረጢቱ ግፊት፣ በሌሎቹ ደግሞ ሞተሩ ከሚያወጣው ጉልበትና ተሽከርካሪው ከሚያሳየው የፍጥነት ጭማሪ ይሰላል።

መቆጣጠሪያው አሽከርካሪው የፈለገውንና ተሽከርካሪው የሚያደርገውን ያነጻጽራል። ልዩነቱ ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ የሞተሩን ጉልበት ቀንሶ ለአንድ ጎማ ለብቻው ፍሬን በመያዝ ተሽከርካሪውን ወደ መስመሩ ይመልሳል፤ የተሳቢውንም ፍሬን በማስያዝ ተሳቢው ጎታቹን እንዳይገፋው ያደርጋል።

ሥርዓቱ ይበልጥ የሚጠቅመው በመታጠፊያ ላይ ነው። በመታጠፊያ ላይ ወደ ጎን የሚገፋው ኃይል በፍጥነቱ ስኩዌር መጠን ይጨምራል። በሰዓት በ40 ኪሎ ሜትር ሊታለፍ የሚገባውን መታጠፊያ በ50 ኪሎ ሜትር የሚያልፍ ተሽከርካሪ ፍጥነቱን የጨመረው በሩብ ቢሆንም የሚገፋው ኃይል ግን በ56 በመቶ ይጨምራል። የጭነቱ ከፍታ የበዛ ከባድ ተሽከርካሪ ደግሞ ወደ ጎን የሚገፋው ኃይል የክብደቱን 40 በመቶ እንኳ ሳይሞላ ሊገለበጥ ይችላል። አሽከርካሪው ጎማው መነሣቱን በሚያውቅበት ጊዜ የማረሚያው ዕድል ብዙውን ጊዜ አልፏል።

የአሜሪካው የትራፊክ ደኅንነት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በሰኔ 2015 ባወጣው 136ኛው ደረጃ ጠቅላላ ክብደታቸው ከ11,793 ኪሎ ግራም በላይ የሆኑ አዳዲስ ጎታቾችና የተወሰኑ አውቶቡሶች ይህን ሥርዓት እንዲይዙ ወስኗል። ግዴታው ከነሐሴ 2017 አንሥቶ በደረጃ ተፈጻሚ የሆነ ሲሆን በዓመት እስከ 1,759 አደጋዎችን፣ እስከ 649 የአካል ጉዳቶችንና እስከ 49 ሞትን እንደሚያስቀር በወቅቱ ተገምቶ ነበር። የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው የተሽከርካሪዎች አጠቃላይ ደኅንነት ደንብ ሥርዓቱን ለአዳዲስ ተሽከርካሪዎች በየደረጃው አስገዳጅ አድርጓል።

ከዚሁ ጎን ለጎን የፍሬኑ ትእዛዝ ራሱ ከአየር ወደ ኤሌክትሪክ ተሸጋግሯል። እ.ኤ.አ. በ1996 በመርሴዲስ ቤንዝ አክትሮስ ላይ ለገበያ በቀረበው የኤሌክትሮኒክ ፍሬን ሥርዓት በፔዳሉ ላይ ያለው ሴንሰር የእግሩን ግፊት ወደ ኤሌክትሪክ መልእክት ለውጦ ለሁሉም አክስሎች በአንድ ጊዜ ያደርሳል። በረዥም ቱቦ ውስጥ የሚጓዘው አየር የሚያባክነው ጊዜ በዚህ መንገድ ይተርፋል፤ ኤሌክትሪኩ ቢቋረጥም የአየር መስመሩ በመጠባበቂያነት ያገለግላል።

ኤቢኤስ ብቻውን ያልፈታውን ከኋላ የመግጨት አደጋ ለመከላከል ደግሞ ራዳርና ካሜራ በሴንሰርነት ተጨምረዋል። የአውሮፓ ኅብረት በራሱ ፍሬን የሚይዘውን የአደጋ ጊዜ ሥርዓት ከኅዳር 2013 ጀምሮ ለአዳዲስ የከባድ ተሽከርካሪ ሞዴሎች፣ ከኅዳር 2015 ጀምሮ ደግሞ ከጥቂቶች በስተቀር ለአዳዲስ ከባድ ተሽከርካሪዎች ሁሉ አስገዳጅ አድርጓል። በአሜሪካ ተመሳሳይ ግዴታ የሚጥል ረቂቅ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ2023 ነው።

ሴንሰሩ መልእክቱን ሲያቋርጥ

የሥርዓቶቹ ብዛት በጨመረ ቁጥር በአንዲት አነስተኛ ሴንሰር ላይ የሚመሠረተው ነገርም ይጨምራል። የጎማ ፍጥነት ሴንሰር የሚልከው ምት ለኤቢኤስ ብቻ ሳይሆን ለመረጋጋት መቆጣጠሪያውና ለአደጋ ጊዜ ፍሬኑም መሠረት ነው። አንዱ ሴንሰር ሲበላሽ በእርሱ ላይ የቆሙት ተግባራት በሙሉ ወይም በከፊል ይቋረጣሉ።

የብልሽቱ መንስኤ ብዙውን ጊዜ ቀላል ነው። ሴንሰሩ የሚታሰረው በምስማር ወይም በብሎን ሳይሆን አጥብቆ በሚይዝ የብረት ሽፋን ውስጥ ገብቶ ነው። የጎማው ኩሽኔታ ሲላላ ባለጥርሱ ቀለበት እየተወዛወዘ ሴንሰሩን ወደ ኋላ ይገፋዋል። ክፍተቱ በሰፋ መጠን ምቱ ይደክማል፤ በተለይ በዝቅተኛ ፍጥነት ጨርሶ ሊጠፋ ይችላል። የተቆረጠ ሽቦ፣ ውሃ የገባበት መሰኪያ፣ ጥርሱ የረገፈ ወይም ዝገት የሞላው ቀለበትም ተመሳሳይ ውጤት አላቸው።

ሌሎቹ ሴንሰሮችም የየራሳቸው ጥንቃቄ ያስፈልጋቸዋል። የመሪው ዘንጎች ከተስተካከሉ በኋላ የመሪ ማዕዘን ሴንሰሩ እንደገና ካልተስተካከለ ተሽከርካሪው ቀጥ ብሎ ሲሄድ መቆጣጠሪያው እየታጠፈ ነው ብሎ ሊያስብ ይችላል። የመረጋጋት ሥርዓቱ ለእያንዳንዱ ዓይነት ተሽከርካሪ ተለይቶ የተሰላ በመሆኑም ሻንሲ ማስረዘም ወይም አክስል መጨመር ስሌቱን ያፋልሳል። በተለያዩ አክስሎች ላይ መጠናቸው የማይመሳሰል ጎማዎችን መግጠምም የፍጥነት ንባቡን ያዛባል።

አሳሳቢው ጉዳይ ብልሽቱ በአሽከርካሪው እግር ሥር አለመታወቁ ነው። ኤቢኤስ ሲበላሽ ተሽከርካሪው ወደ ተራ የአየር ፍሬን ይመለሳል፤ በዕለት ተዕለት ጉዞ ላይ ፔዳሉ እንደወትሮው ይሠራል። ልዩነቱ የሚታየው ዝናብ በጣለበት ቀን፣ ባዶ ተሳቢ እየተጎተተ፣ ድንገተኛ መሰናክል ሲያጋጥም ነው።

እስከዚያ ቀን ድረስ ብቸኛው ምስክር ቢጫው መብራት ነው። በአሜሪካ በመንገድ ላይ በሚደረግ ምርመራ የኤቢኤስ ብልሽት እንደ ጥፋት ቢመዘገብም ተሽከርካሪውን ብቻውን ከመንገድ አያስወጣውም። በዚህም ምክንያት ጥገናው በባለንብረቱ ትጋት ላይ የተንጠለጠለ ሆኖ ይቆያል።

ለኢትዮጵያ ምን ይጠቁማል?

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ጅቡቲ የሚያመራ ከባድ ተሽከርካሪ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከሚበልጥ ከፍታ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ይወርዳል። በአፋር ሙቀትና አቧራ ውስጥም ረዥም መንገድ ይጓዛል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የሚወስደው መንገድ በዓባይ በረሃ ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ ያንኑ ያህል መልሶ ይወጣል። እንዲህ ያለው መልክዓ ምድር ፍሬንንም ሆነ ሴንሰርን ክፉኛ ይፈትናል።

በቅድሚያ ሊታወቅ የሚገባው ኤሌክትሮኒክስ የማይፈታው ችግር መኖሩ ነው። በረዥም ቁልቁለት ላይ ያለማቋረጥ ፍሬን ሲያዝ ታምቡሩ ግሎ ይሰፋል፤ ሸራውም የመያዝ ኃይሉ ይቀንሳል። ኤቢኤስ የሚያስተነፍሰው ከመጠን በላይ የያዘን ፍሬን እንጂ ግሎ አልይዝ ያለን ፍሬን ሊያጠነክር አይችልም። ስለሆነም በከባድ ማርሽና በሞተር ፍሬን መውረድ፣ ሸራና ታምቡርን በወቅቱ መለወጥ፣ ከልክ በላይ አለመጫን ዛሬም ተተኪ የሌላቸው ጥንቃቄዎች ናቸው።

ሁለተኛው ጉዳይ ጎታችና ተሳቢን ይመለከታል። ተሳቢዎች በአገር ውስጥም የሚመረቱ እንደመሆናቸው ዘመናዊ ጎታች ኤቢኤስ ከሌለው ወይም የኤሌክትሪክ መሰኪያው ካልተገናኘ ተሳቢ ጋር ሊጣመር ይችላል። በዚህ ጊዜ ጎታቹ መስመሩን ቢጠብቅም የተሳቢው ጎማዎች ከመቆለፍ የሚያድናቸው ነገር አይኖርም። ለሙሉ ጥቅሙ ሁለቱም ሥርዓቱን ሊይዙና መሰኪያቸውም በየጉዞው ሊገናኝ ይገባል።

ሦስተኛውና ዋነኛው ጉዳይ ጥገና ነው። የኤሌክትሮኒክ ፍሬን ጥገና ውድ ኮምፒዩተር ካልተገኘ አይቻልም የሚለው አስተሳሰብ በከፊል ብቻ ትክክል ነው። የመረጋጋት ሥርዓቱን ሴንሰሮች ለማስተካከል የአምራቹ የመመርመሪያ መሣሪያ በእርግጥም ያስፈልጋል። ብዙዎቹ የኤቢኤስ ሥርዓቶች ግን የብልሽቱን ዓይነትና የጎማውን ቦታ በዳሽቦርዱ መብራት ብልጭታ ቁጥር ይናገራሉ።

የጎማ ሴንሰር ምርመራም በተራ ቮልት መለኪያ ይከናወናል። ጎማው ከመሬት ተነሥቶ በሰከንድ ግማሽ ዙር ያህል በእጅ ሲሽከረከር ሴንሰሩ ቢያንስ 0.2 ቮልት መስጠት እንዳለበት የአምራቾች የጥገና መመሪያዎች ያስረዳሉ። ከዚህ ካነሰ መካኒኩ ሴንሰሩን ቀለበቱን እስኪነካ ድረስ በእጁ ገፍቶ ይሞክራል። ችግሩ ከተመለሰ መንስኤው የላላ ኩሽኔታ ሊሆን ስለሚችል ሴንሰር ከመግዛት በፊት ኩሽኔታውን መመርመር ወጪ ይቆጥባል።

በዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራ ወቅትም መብራቱን መመልከት ከአንድ ደቂቃ ያነሰ ጊዜ ይወስዳል። ቁልፉ ሲከፈት መብራቱ ለጥቂት ጊዜ በርቶ መጥፋት አለበት፤ በአንዳንድ ሥርዓቶች የሚጠፋው ተሽከርካሪው ጥቂት ከተንቀሳቀሰ በኋላ ነው። ሳይጠፋ የሚቀር መብራት ብልሽትን ያመለክታል። ጨርሶ የማይበራ መብራትም ሊታለፍ አይገባም፤ አምፖሉ ተቃጥሎ ወይም ሆን ተብሎ ተነቅሎ ሊሆን ይችላልና።

እንዲህ ያሉ ተግባራት ለቴክኒክና ሙያ ተቋማት ሥልጠና፣ ለትራንስፖርት ድርጅቶች የጥገና መርሐ ግብርና ለአሽከርካሪዎች የጉዞ ቅድመ ዝግጅት አዲስ ሸክም የሚሆኑ አይደሉም። የሚጠይቁት መብራቱን እንደ ዳሽቦርድ ጌጥ ሳይሆን እንደ ፍሬን ብልሽት መቁጠርን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1978 የአሜሪካ ፍርድ ቤት የሰጠው ውሳኔ ያልበሰለ መሣሪያን በግዴታ መጫን የሚያስከትለውን መዘዝ አሳይቷል። መሣሪያው ዛሬ በስሏል፤ በኢትዮጵያ መንገዶች ላይ በሚጓዙ በርካታ ተሽከርካሪዎችም ላይ ተገጥሞ መጥቷል። ባለንብረቱ በግዢው ጊዜ ዋጋውን ከፍሎበታል። ከዚህ በኋላ አገልግሎት መስጠት አለመስጠቱ የሚወሰነው የባለንብረቶች፣ የአሽከርካሪዎች፣ የጋራዦችና የተቆጣጣሪ አካላት ትኩረት ቢጫው መብራት በበራበት ዕለት በሚወስዱት እርምጃ ነው።